ሰባት ቤት ሲቆጠር የሚዘለሉ ሰዎች

ጋሽዬ ሰካራም ነው ይባል ነበር።

የአያቴ ታናሽ ወንድም ነው። መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ በእግር አንድ ሰዓት ወጣ ብሎ፣ ገብስ እያረሰ በግ እያረባ ኖረ። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ የሚካኤል ማኅበር ተራ እኛ ቤት ደረሰ። ጸሎት ተደረሰ፣ ጽዋው ዞረ። ጋሽዬ ጋ ሲደርስ ግን እጁ ወደ ጎን ሸሸ፤ ትከሻው ተከተለው። ጠላው ጎረቤቱ ጋቢ ላይ ፈሰሰ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ተቆጣ። "አንተ ሰውዬ፣ ከየት ጠጥተህ ነው የመጣኸው?" አለው። ጋሽዬ ከጠዋት ጀምሮ እህል ውኃ በአፉ አልዞረም። መልስም አልሰጠም። ፊቱ ብቻ ተኮማተረ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይለይም። ባናውን ሰብስቦ ወጣ። ደጅ የነበርን ልጆች አረማመዱን አይተን "እስክስታ ወረደ" እያልን ሳቅን። አዎ፣ እኔም ስቄያለሁ።

ከዚያ በኋላ ማኅበር አልመጣም። ሁለት ጊዜ ጻድቃኔ ማርያም፣ አንድ ጊዜ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ወሰዱት። ቡዳ ነው ያለ አለ፤ የአባት እርግማን ነው ያለም አለ። አዲስ አበባ የወሰዱት ቀን አንድ ሐኪም "ነርቭ ነው" ብሎ የቫይታሚን መርፌ አዘዘለት። በመጨረሻ እህል ከጉሮሮው አልወርድ አለ፤ ከስቶ ከስቶ ሞተ።

እኔ አሁን ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ የዘር ውርስ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ የሜንዴልን አተር እናወራለን። አረንጓዴና ቢጫ፣ ረጅምና አጭር። ዘንድሮ አንዷ ተማሪ፣ "መምህር፣ አተሩስ ይሁን። ሰው ላይ ግን ከአንድ ወላጅ የተወረሰ አንድ ዘረመል ብቻውን ያሳምማል?" አለችኝ። ያሳምማል ብዬ ሀንቲንግተን የሚባለውን በሽታ ጠቀስኩላት። ከስሙ በላይ ብዙም እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው። ማታ ብርድ ልብስ ተከናንቤ (የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል) ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። በ1968 ሊዮኖር ዌክስለር የምትባል ሴት ሎስ አንጀለስ ውስጥ መኪናዋን አቁማ መንገድ ታቋርጣለች። ጠዋት ነው። አንድ ፖሊስ አያትና በዚህ ማለዳ ሰክረሽ ስትሄጂ አታፍሪም ወይ ይላታል። ሴትዮዋ አልጠጣችም።

ስልኩን አስቀመጥኩት። ጋሽዬ ባናውን ሲሰበስብ ታየኝ።

ሊዮኖር የሥነ ዘር ትምህርት የተማረች ሴት ነበረች። አባቷ በሀንቲንግተን፣ ሰውነትን ያለ ፈቃዱ በሚያስጨፍረው በዚህ የዘር በሽታ፣ ሞቷል፤ ሦስቱም ወንድሞቿ ታመዋል። ሐኪሙ ለእሷም ያንኑ ስም ነገራት። የቀድሞ ባሏ ሚልተን ሁለቱን ሴት ልጆቹን፣ አሊስንና ናንሲን፣ ጠርቶ እውነቱን ነገራቸው። ለእያንዳንዳቸው ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሳንቲም ተወርውሮ ዘውድ ወይም ጎፈር። ሁለቱም ልጅ ላለመውለድ ወሰኑ። ሚልተን በዚያው ዓመት ለዚህ ምርምር ገንዘብ የሚያሰባስብ ድርጅት አቋቋመ። ናንሲ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ይህን በሽታ ስታሳድድ ኖረች።

የሚገርመው ናንሲ ባዮሎጂስት አይደለችም። በ1974 ዶክትሬቷን የያዘችው በሥነ ልቦና ነው። የመመረቂያ ጥናቷም ይህ በሽታ በዘራቸው ያለባቸው ሰዎች ስጋቱን ተሸክመው እንዴት እንደሚኖሩ ነው። የራሷን ኑሮ ነው ያጠናችው ማለት ይቻላል። ዲ.ኤን.ኤ የሚያነቡትን ሰዎች ሰብስባ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀመጠች፣ እነሱ የሚያነቡትንም ደም ሄዳ ያመጣች እሷ ናት።

ደሙ የመጣው ከቬንዝዌላ ነው። ማራካይቦ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። ዳር ዳሩ ላይ ድሆች ዓሣ አጥማጆች ይኖራሉ፤ አንዳንዱ መንደር ጭራሽ ውኃው ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆመ ነው። በ1950ዎቹ አሜሪኮ ኔግሬቴ የሚባል ወጣት ሐኪም እዚያ ተመድቦ ሲሠራ መንገድ ላይ የሚንገዳገዱ ሰዎች ያያል። ምን አሰበ? ሰካራሞች ናቸው አለ። የአገሬው ሰው ነው ኧረ አይደለም፣ ታመው ነው ያለው። እሱ ግን ከሙሴውም ከፖሊሱም የተሻለ ሰው ነበር፤ መለስ ብሎ አጠናቸው፣ ጻፈላቸው። የሰፈሩ ሰው በሽታውን በስም አይጠራም። በቋንቋቸው "ክፉው" ነው የሚሉት። እኛም ጋ ስሙ የማይጠራ በሽታ መቼ ጠፍቶ!

ናንሲ መጀመሪያ የሄደችው በ1979 ነው። ከ1981 ጀምሮ ደግሞ ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በየዓመቱ ቡድን ይዛ ተመላልሳለች። ሰዎቹ ደም ስጡ ሲባሉ ፈሩ። ይፈሩ እንጂ! ከማያውቁት አገር የመጡ ነጮች መርፌ ይዘው ቢመጡብን እኛስ ዝም እንል ነበር? በዚያ ላይ ይህ በሽታ አሜሪካኖችን ይይዛል ብሎ ያመነ የለም፤ የነሱ ብቻ መስሏቸዋል። ናንሲ እናቴ በዚህ በሽታ ነው የሞተችው አለች። ክንዷ ላይ ለምርመራ ቆዳ የተወሰደበት ጠባሳ ነበር። አብራቸው የነበረችው ነርስ ፊደላ ጎሜዝ የናንሲን ክንድ ይዛ ቤት ሙሉ ለነበረው ሰው ጠባሳውን እያዞረች አሳየች። እሷም የእናንተው ናት፣ ከእሷም ተወስዷል ዓይነት ነው።

ይህን ሳነብ ብዙ ቆየሁ። ስለ ክሮሞሶም የተጻፈውን ከማንበቤ በፊት ይህንን ሁለቴ አነበብኩት።

ከደሙ ጎን ለጎን የተሠራው ሥራ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዘር ቆጠራ ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ አባትህ ማን ነው፣ እናትህስ፣ እህት ወንድሞችህ ስንት ናቸው፣ የታመመ አለ ወይ እያሉ ጠየቁ። ሲጨርሱ 18 ሺህ ከሚበልጡ ሰዎች የተሠራ የዘር ሐረግ ሆነ፤ አሥር ትውልድ ድረስ የሚወርድ። ናንሲ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የዘር ሐረግ አጠገብ ሆና የተነሳችው ፎቶ አለ፤ ወረቀቱ መጨረሻ ያለው አይመስልም። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ፣ የታመመ ሰው ደግሞ ጥቁር ተቀብቶ።

እኛ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሰባት ቤት መቁጠር የሚችል ሽማግሌ ሞልቷል። ለጋብቻ ይቆጠራል፤ ዱሮ ለርስትም ይቆጠር ነበር። ከአቅኚው አባት ጀምሮ ሳይሳሳት የሚያወርድ ሰው አይቻለሁ። ቆጠራው ግን ለመሬትና ለሰርግ እንጂ ለበሽታ አይደለም። ታማሚው ይዘለላል። ልጅ ለመዳር የተነሳ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው ነበረን ብሎ አይጀምርም። የጋሽዬን ስም በስንት የቤተሰብ ቆጠራ ላይ ፈልጌ አጣሁት መሰላችሁ።

ጆርጅ ሀንቲንግተን፣ በሽታው በስሙ የተጠራለት ሰው፣ ጥናቱን ሲያትም ገና የ22 ዓመት ልጅ ነበር፤ በ1872። አንድ ልጅ እግር ሐኪም በሽታው ከትውልድ ትውልድ እንደሚወርድ በምን አወቀ? አያቱም አባቱም አሜሪካ ውስጥ፣ ሎንግ አይላንድ በሚባል ቦታ፣ ሐኪሞች ነበሩ። አያት ያከማቸውን ማስታወሻ አባት፣ አባት ያከማቸውን ልጅ ተረከበ። ሦስት ትውልድ ሐኪም ሦስት ትውልድ ታማሚ አየ። የታማሚ ልጅ ሳይታመም ዕድሜውን ከጨረሰ ክሩ ይበጠሳል፣ የልጅ ልጆቹ ነጻ ናቸው ብሎ ጽፏል። ይኸው እስካሁን ልክ ነው።

የማራካይቦ ደም በአውሮፕላን ቦስተን ይላክ ነበር። እዚያ ጄምስ ጉሴላ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ነበር። ሥራው በሽታውን የሚያመጣውን ዘረመል መፈለግ ነው፤ ብዙ ዓመት፣ ምናልባትም ሃምሳ ዓመት ይፈጃል የሚሉ ነበሩ። በ1983 አራተኛው ክሮሞሶም ላይ (ክሮሞሶም ዘረመሎች የተደረደሩበት ክር ነው) ዘረመሉ ያለበትን ሰፈር የሚጠቁም ምልክት አገኙ። ቀናቸው ብለው ሰዎች አፋቸውን ያዙ። ዘረመሉን ራሱን ነጥሎ ለማውጣት ግን ሌላ አሥር ዓመት ወሰደ። በ1993 ስድስት ቡድኖች፣ 58 ሳይንቲስቶች አንድ ላይ አሳተሙት።

የተገኘው ነገር ይህ ነው። ዘረመሉ ውስጥ ሲ፣ ኤ፣ ጂ የሚባሉ ሦስት ፊደላት እየተደጋገሙ ይጻፋሉ። ሁላችንም ጋ አሉ። ድግግሞሹ እስከ 26 ከሆነ ምንም የለም። 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው በመደበኛ ዕድሜ ከኖረ በሽታው ይመጣል። ከ36 እስከ 39 ያለው ሊታመምም ላይታመምም ይችላል። ለተማሪዎቼ በእግዚኦታ ነው ያስረዳኋቸው። 41 ጊዜ በጣት አንጓ ስትቆጥሩ መሐል ላይ ቁጥሩ ጠፍቷችሁ ያውቃል? ከአባት ወደ ልጅ ሲገለበጥም እንዲሁ ቁጥሩ ይጠፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በጨመረ ቁጥር ደግሞ በሽታው በወጣትነት ይመጣል። (አባቱ ቄስ የሆነ አንድ ተማሪ ሲሳሳቅ ነበር። ይንገርብኝ።)

ዘረመሉ ከታወቀ በኋላ በደም ምርመራ ሳይታመሙ ማወቅ ተቻለ። ናንሲስ? ለዚህ ሁሉ መንገድ የጠረገችው ሴት ስለራሷ ለሰው ሳትናገር ብዙ ዓመት ኖረች። በ2020፣ በ74 ዓመቷ፣ በሽታው እንዳለባት በአደባባይ ተናገረች። አረማመዷን ያየ ሁሉ ቀድሞ ጠርጥሯል ይባላል።

አንድ ነገር ደግሞ አልዋጥልህ ብሎኛል። እንቅስቃሴውን የሚያበርድ መድኃኒት አለ፤ የሚያድን ግን እስከዛሬ የለም። የዓለም ሳይንስ በነዚያ የሐይቅ ዳር ሰዎች ደም ተራመደ፤ እነሱ ግን ዛሬም ድሆች ናቸው። ናንሲና ባልደረቦቿ በ1999 የታማሚዎች መጠለያ ከፍተውላቸው ነበር። ደግ ሥራ ነው። ግን ከተወሰደው ጋር አይመጣጠንም፤ የኔ ሐሳብ ነው።

የጋሽዬ ደም ተመርምሮ አያውቅም። ሀንቲንግተን ነበር ብዬ አልምልም፤ ሰውነትን እንዲህ የሚያስጨፍር በሽታ ሌላም አለ። አያቴ ደግሞ ቆላ ወርዶ በወባ ሲሞት አርባ አልሞላውም። ቢኖር ምን ይሆን እንደነበር የሚያውቅ የለም። አባቴ 67 ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ቡና ሲጠጣ ሲኒውን ሳይሆን እጁን እንደማይ ያስተዋለ አይመስለኝም።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት መንዝ ወጣሁ። በጣርማ በር፣ በመዘዞ፣ በሞላሌ አድርጌ። የጋሽዬ እህት እማሆይ ብቻ ናቸው የቀሩት። ሰማንያን አልፈዋል፤ ቆባቸውን አድርገው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። እንዝርቱ ጭናቸው ላይ ሲሽከረከር ክሩ አንድም ቦታ አይወፍር አይቀጥን። ደብተር አውጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቤተሰቡን ይቁጠሩልኝ አልኳቸው።

"ለመሬት ነው?" አሉኝ።

"አይ፣ እንዲያው ለማወቅ ነው።"

ቆጠሩ። እኔ አራት ማዕዘንና ክብ እሥላለሁ። የራሳቸው ወንድሞች ላይ ሲደርሱ አያቴን ጠርተው ወደ ራሳቸው አለፉ። ጋሽዬስ አልኳቸው። እንዝርቱ ቆመ። "እሱን ምን ያደርግልሃል?" አሉ። ቆይተው ግን ስሙን ጠሩት። አራት ማዕዘን ሠራሁለትና በእስክሪብቶ አጠቆርኩት።

አንገታቸውን አስግገው ደብተሩን አዩ። "ይህን ለምን አጠቆርከው?"

"የታመመ ሰው ነው የሚጠቁረው፣ እማሆይ።"

ጠጉሩን ከጭናቸው ላይ አራገፉ። ወደ በጎቹ በረት እያዩ ትንሽ ዝም አሉ።

"እንግዲያ የእናታችንንም አጥቁራት" አሉኝ።