ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ስገባ፣ የደም ግፊት መድኃኒቷ ከረከቦቱ አጠገብ ሳይነካ ተቀምጧል። «ትቼዋለሁ» አለችኝ፤ «ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ በማር እየወሰድኩ ነው። ዶክተሩ ነው ያዘዘው።»

ዶክተሩ የቲክቶክ ሰውዬ ነው።

ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየሁት። ነጭ ጋዋን ለብሷል፣ የሐኪም ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ስሙንም ሆነ የሚሠራበትን ቦታ ግን አይናገርም። «በሰባት ቀን ከነሥሩ ይነቅለዋል» ይላል። ምን ያህል እንደሚወሰድ፣ ለማን እንደማይስማማ አንዲት ቃል የለም። መጨረሻ ላይ የስልክ ቁጥር ብቅ አለ፤ ለካስ ብልቃጥ ይሸጣል!

እናቴ አልተረታችም። «ራሴን እንኳ አላመመኝም እኮ!» ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ደኅና ነኝ ማለት ማስረጃ አይሆንም። ጡረታ የወጡት ነርስ ጎረቤታችን መለኪያቸውን ይዘው መጡ፦ 168 በ102። ከ140 በ90 ጀምሮ ከፍተኛ እንደሚባል ሲነግሯት ዝም አለች።

ነጭ ሽንኩርቱን አልከለከልኳትም፤ ወጥ ውስጥ ማን ይጠላዋል? ጨው ግን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ይህን ስነግራት ሳቀች። «እሱንማ ቲክቶክ ላይ ማን ያወራዋል፣ ልጄ? ምን ሊሸጥበት?»

ሰኞ ጤና ጣቢያ አብረን ሄደን መድኃኒቷን ጀመረች። ቪዲዮውን ግን እስካሁን ከስልኳ አላጠፋችውም።