ሰባት ቡና፣ ለሰው ሦስት ሲኒ

የማን አገር ቡና ይበልጣል የሚለው ክርክር ስለሰለቸን ለመለካት ተነሳን። ይርጋጨፌ፣ ሲዳማ፣ ጉጂ፣ ሐረር፣ ሊሙ፣ ጅማና ነቀምት፣ በድምሩ ሰባት። ቀማሾቹ ጓደኛና ጎረቤት ናቸው። አንድ ሰው ሰባቱንም በአንድ ቁጭታ ቢቀምስ ምላሱ መለየት ያቆማል፣ ማታም እንቅልፍ የለም። ለአንድ ሰው 3 ሲኒ ይብቃ አልን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለለመደ ሰው አይከብድም።

ታዲያ ማን የትኞቹን ይቅመስ? ዝም ብሎ ማደል አያዋጣም። አንዱ ቡና ነጥብ የሚረጭ ሰው ሲደርሰው ሌላው ቆጥቋጣ እጅ ይወድቃል። እንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ፍራንክ ዬትስ እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመው ዘዴ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። ሚዛናዊ ያልተሟላ ብሎክ ይሉታል። ብሎክ ማለት እርስ በርስ የሚወዳደሩ ነገሮች አብረው የሚገቡበት ክፍል ነው፤ እዚህ ብሎኩ ቀማሹ ነው። ሁሉንም ስለማይቀምስ ያልተሟላ፣ ማንኛቸውም ሁለት ቡናዎች እኩል ጊዜ ስለሚገናኙ ሚዛናዊ።

አሠራሩ ከስሙ ይቀላል። ለቡናዎቹ ከ1 እስከ 7 ቁጥር በዕጣ ሰጠኋቸው። የመጀመሪያው ሰው 1፣ 2፣ 4 ይቀምሳል። ለቀጣዩ በየቁጥሩ ላይ 1 መደመር ነው፦ 2፣ 3፣ 5። ከዚያ 3፣ 4፣ 6። ከ7 ሲያልፍ ወደ 1 ይመለሳል። በ7 ሰው ዙሩ ይሞላል። እያንዳንዱ ቡና 3 ጊዜ ይቀርባል፣ ማንኛቸውም ሁለት ቡናዎች ደግሞ አንዴ ብቻ አንድ ሰው ጋ ይገናኛሉ። ካላመናችሁ ወረቀት ላይ ጻፉትና ፈትሹ፤ ደስ ይላል። ሰባት ሰው ስለሚያንስ ዙሩን ሦስቴ ደጋግመን 21 ቀማሽ አደረግን። የትኛው ሲኒ ይቅደም የሚለውም በዕጣ ነው። አቆላሉ፣ አፈጫጨቱና ውሃው ለሁሉም አንድ።

ነጥቡ ከ10 ነበር። አንዷ ጎረቤት 4፣ 3፣ 5 ሰጠች። ያንኑ ሦስት ቡና የቀመሰ ሌላ ሰው 8፣ 7፣ 9። ሐሳባቸው አንድ ነው፣ እጃቸው ነው የሚለያየው። ይህን የሚያስተካክለው ስሌት አጭር ነው። ከቡናው ጠቅላላ ነጥብ ላይ፣ እሱን የቀመሱት 9 ሰዎች የሰጡት ነጥብ ሁሉ ተደምሮ ሲሶው ይቀነሳል። የቀረው ለ7 ሲካፈል ቡናው ከአማካዩ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ይወጣል። ኤክሴል ይበቃል። በጥሬ አማካይ ወደ ታች የነበረው ሐረር ቆጥቋጣዎቹ ቀማሾች በዝተውበት ኖሮ ከስሌቱ በኋላ ብድግ አለ። የአንደኛውና የሁለተኛው ልዩነት ግን በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ከሚችለው ስህተት ስለማይበልጥ ክርክሩ ቀጥሏል።

ዘዴው በነፃ አይደለም። አንድ ቡና 9 ጊዜ ቢቀርብም፣ ሁሉም ሰው ሰባቱንም ቢቀምስ ኖሮ ከሚገኘው አንጻር የ7 ጊዜ ያህል መረጃ ብቻ ነው የሚሰጠው። እኔ ግን ደክሞት ከሚገምት ምላስ ይሄን እመርጣለሁ።

አሁን አንዱ ወዳጄ «ከፋስ የት ሄደ?» ብሎ ተነስቷል። እውነቱን ነው። ግን ስምንት ቡና በ3 ሲኒ ሚዛኑን እንዲጠብቅ 56 ቀማሽ ይፈልጋል። በ4 ሲኒ ከሆነ 14 ሰው ይበቃል። አራተኛዋን የሚጠጣ ሰው እያፈላለግን ነው።