ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ 11.6 ቮልት

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው መንገድ ዳገት ስለሆነ ሞተር በደንብ ይዞራል፣ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞም ይሠራል። ችግሩ መንገዱ አጭር መሆኑ ነው። የጉዞውን ግማሽ ሰዓት መኪኖች መሀል ቆመን ስለጨረስነው ዲናሞው በዝግታ ነው የዞረው፤ የፊት መብራቱ ከወሰደው አልጋው ሥር ላለው የኋላ ባትሪ የተረፈው ጥቂት ነበር።

መኪናችን ለመኝታ የተሠራ ሚኒባስ ነው። አንድ ባትሪ ለሞተሩ፣ ሌላ ባለ 100 አምፔር ሰዓት (የባትሪ የመያዝ አቅም መለኪያ) ደግሞ አልጋው ሥር ለፍሪጁ፣ ለመብራቱና ለውሃ ፓምፑ። ሁለቱን ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ያገናኛቸዋል፤ ሞተር ተነሥቶ ቮልቱ 13.3 አካባቢ ሲደርስ «ጠቅ» ብሎ ያገጣጥማቸዋል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ፍሪጁ ዝም አለ፤ ቴስተሩ 11.6 አሳየ።

ጠዋት መንገድ ዳር ያገኘነው ወጣት ኤሌክትሪሻን አንዴ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ባትሪ ሞቷል፣ አዲስ ይግዙ» አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ብሩን የሚያወጣው። ባትሪ ያልሞላው ስለሞተ ነው ወይስ የሚሞላው ነገር ስላልደረሰው? ይህ ሳይለይ አዲስ ቢገባ ከወር በኋላ እሱም «ሞቷል» ይባላል።

ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ 12.7 ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ በሉት። ሞተር እንደጠፋ የሚታየውን 13 አትመኑት፣ ወዲያው ይወርዳል።

ሞተሩን አስነሥተን፣ ትንሽ ነዳጅ እየሰጠን፣ የፊተኛውን ባትሪ ለካን፦ 14.2። ስለዚህ ዲናሞውም፣ እሱን የሚያዞረው ቀበቶ ቺንጋውም ደህና ናቸው። እዚህ ላይ 13.5 እንኳ ካልሞላ ወደ ኋላው ባትሪ መሄድ ትርፉ ድካም ነው፤ ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ ማየት፣ ከዚያ ዲናሞውን ማስፈተሽ ይሻላል። የኋላው ባትሪ ላይ ግን 13.1 ብቻ ነበር። 1.1 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል።

የት እንደቀረ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የፊተኛው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የኋለኛው ፖዘቲቭ ላይ አደረግን። የቴስተሩ ገመድ ስለማይደርስ ቀጭን ሽቦ ቀጠልንበት፤ ለመለኪያ ስለሆነ ቅጥነቱ አይጎዳም። 0.5 አለ። ሪሌውና ፊውዙ አንድ ላይ 0.1 ብቻ ሲሆኑ የቀረውን የበላው ሽቦው ራሱ ነው። የገጠመው ሰው ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው የዘረጋው፤ 5 ሜትር ላይ 30 አምፔር ሲሄድበት 0.4 ቮልት ይበላል። ባለ 16 ቢሆን 0.16 ገደማ ነበር።

የቀረው 0.6 በኔጋቲቭ በኩል ነው፤ እውነተኛው ጥፋትም እሱ። አልጋውን አንሥተን ኔጋቲቩ ከቦዲው ጋር የታሰረበትን ብሎን አየነው። ቀለሙ ሳይፋቅ ከላዩ ላይ ታስሯል። ስንፈታው ከሥሩ ቡናማ ዱቄት ረገፈ፤ ገመዱ ቦዲውን ይነካ የነበረው በብሎኑ ክር ብቻ ነው። ሞተር ጠፍቶ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ከተፈታ በኋላ (መፍታት ኔጋቲቩን አስቀድሞ ነው፣ ሲመለስ ደግሞ መጨረሻ)፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው፣ አጥብቀን አሰርነው፣ ከላይ ግሪስ ቀባነው። የኋላው ባትሪ 13.6 ደረሰ። ሽቦው ካልተቀየረ ይህን ያህል አምፔር እየሄደበት ከዚህ ብዙም አያልፍም፤ ባለ 16ቱን ከሶማሌ ተራ መግዛት ግድ ነው።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ውሃውንም እዩት። ውስጥ ያሉት ሳህኖች በውሃው መሸፈን አለባቸው፣ የሚጨመረውም የባትሪ ውሃ እንጂ የምንጭ ውሃ አይደለም። ከሞላ በኋላ በአሲድ መለኪያ አምስቱ ክፍሎች 1.26 ገደማ ብለው አንዱ 1.20 ካለ፣ ያኔ ወጣቱ ልክ ነው።

ስለ ሶላር አንድ ነገር ልበል። ፓነሉን ወደ ደቡብ አዘንብሉ የሚለው ምክር ለፈረንጅ አገር ነው። እዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ጣራ ላይ ጠፍጣፋ አድርጎ ማሰር ይበቃል። ባለ 100 ዋቱ ፓነል በጠራ ቀትር ከ5 እስከ 6 አምፔር ይሰጣል፤ የባሕር ዛፍ ጥላ ጥግ ጥጉን ከነካው ግን ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። እኛም ለጥላው ብለን ከዛፍ ሥር አቁመን ነበር።

ጫንጮ ስንደርስ ሞተር አጥፍተን፣ ምሳ በልተን ለካን፦ 12.0። በግማሽ ሰዓት መንገድ የገባው ቢበዛ 15 አምፔር ሰዓት ነው፣ ከዚህ የተሻለ አይጠበቅም። ማታ ያደርንበት ግቢ 220 ስላለው ባለ 10 አምፔር ቻርጀሩን ሰካን። እስከ 80 ከመቶ ቶሎ ይሄዳል፣ የመጨረሻው 20 ግን ሰዓታት ይፈጃል፤ ጠዋት ለመነሣት ቸኩሎ መንቀል ባትሪውን ቀስ በቀስ ይገድለዋል። የማራዘሚያው ገመድ ተጠቅልሎ እንዳለ ከተሰካ ይሞቃል፣ እስከ ጫፉ ዘርጉት።