የአሩባ ካርቶን፦ ሰባተኛ ወር

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው «ሁለት ሳምንት ይበቃኛል» ብዬ ነበር። አራት ወር ፈጀ። ጥፋቱ የሙጫው አይደለም፣ የሰዓት ነው፤ እመጣበታለሁ።

አዲስ ለገባችሁ፣ በካርቶን ሞዴል የምሠራው አንድ ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1942 (በእኛ የካቲት 9 ቀን 1934) የጀርመኑ ባሕር ሰርጓጅ ዩ-156 ካሪቢያን ላይ ያለችውን የአሩባን ደሴት ያጠቃበት ሌሊት። ከዚህ በታች ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ወደዚህ ጉድ የገባሁት በምጽዋ በኩል ነው። በ1941 እንግሊዞች ምጽዋን ከመያዛቸው በፊት አራት የጣሊያን ሰርጓጆች ሾልከው ወጡ፣ አፍሪካን ዞረው ፈረንሳይ ቦርዶ ገቡ። እነሱን ስከታተል ቦርዶ ደረስኩ፤ ከቦርዶ ደግሞ የጣሊያን ሰርጓጆች ወደ ካሪቢያን ይላኩ እንደነበር አነበብኩ። ምጽዋን እዚያው ትቻት ቀረሁ።

አሩባ ትንሽ ናት፤ ከቬኔዙዌላ ጠረፍ 30 ኪሎ ሜትር አትርቅም። ግን ሳን ኒኮላስ ላይ የነበረው የላጎ ነዳጅ ማጣሪያ፣ ጎረቤቷ ኩራሳዎ ደሴት ላይ ከነበረው የሼል ማጣሪያ ጋር፣ በዘመኑ ከዓለም ትልልቆቹ መካከል ነበር። ድፍድፍ ነዳጁ ይመጣ የነበረው ከቬኔዙዌላው የማራካይቦ ሐይቅ ነው። እኔ መጀመሪያ ያልገባኝ፣ ማጣሪያው ለምን ድፍድፉ ያለበት አገር ላይ እንዳልተሠራ ነበር። አንዱ ትልቅ ምክንያት አሸዋ ነው። የሐይቁ መውጫ ላይ የተጋደመው የአሸዋ ክምር ውኃውን ስላሳነሰው ትልልቅ መርከብ አያሳልፍም ነበር። ስለዚህ ሆዳቸው ጠፍጣፋ፣ ውኃ ውስጥ ብዙ የማይጠልቁ ትንንሽ ነዳጅ ጫኞች ተሠርተው በሐይቁና በደሴቶቹ መካከል እንደ ታክሲ ይመላለሱ ነበር። የዚያ ሌሊት ታሪክ የእነዚህ ታክሲዎች ታሪክ ነው፤ እኔ ግን ሦስት ወር ሙሉ የመድፉ ታሪክ አድርጌ ነበር የሠራሁት።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ከሰርጓጁ መዝገብ የተወሰደው ሰዓት የመጀመሪያው ቶርፔዶ 8:01 ላይ እንደተተኮሰ ይላል። እኔም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ብዬ ኮምፔንሳቶው ላይ የጠዋት ሰማይ ቀባሁ። ቆንጆ ሰማይ ነበር፣ ፎቶውን አይታችሁ ያደነቃችሁም አላችሁ። ከዚያ የደሴቲቱን ሰዎች ትረካ ሳነብ ሁሉም «ከእንቅልፌ ስነቃ መስኮቱ ቀይ ሆኖ» ዓይነት ነገር ያወራሉ። የጀርመን ሰርጓጆች ዓለም ዳር ቢሄዱም ይይዙት የነበረው የጀርመንን ሰዓት ነው። ጀርመን ደግሞ በዚያ ክረምት ለበጋ አንድ ሰዓት ወደፊት የገፋችውን ሰዓቷን ሳትመልስ ስለቀረች ከግሪንዊች በሁለት ሰዓት ትቀድም ነበር፣ አሩባ ያኔ በአራት ሰዓት ተኩል ትዘገይ ነበር። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ተኩል፤ 8:01 ማለት እዚያ 1:31 ማለት ነው። ይህን ካርዱ ላይ «1:31» ብዬ ብጽፈው የአክስቴ ልጅ አየችና «ታዲያ ምሽት ነዋ» አለችኝ። እንግዲህ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከ31 ደቂቃ። ሰማዩን ጥቁር ቀባሁት።

ጥቁር ሲሆን ነው ነገሩ የገባኝ። ማጣሪያው በመብራት እንደ ገና ዛፍ ሲያበራ ነበር። አዛዡ ቬርነር ሃርተንስታይን ከጨለማው ባሕር ሆኖ ያየው፣ መልሕቅ ጥለው የቆሙ መርከቦችን ጥላ በብርሃን ጀርባ ላይ ነው። ከሐይቅ መርከቦቹ ፔደርናሌስ ተመታች፣ ቀጥላ ኦራንየስታድ የምትባለው ተመታችና ሰጠመች። የሚነደው ዘይት ውኃው ላይ ተዘረጋ። ጭሱን በጥጥ ስሠራ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ አድርጌ ነበር፤ አፈረስኩት። አሩባ ላይ ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ከምሥራቅ ስለሚነፍስ ዲቪ-ዲቪ የሚባለው ዛፏ እንኳን ጎብጦ ነው የሚያድገው። ጭሱም ይጎብጥ።

ከዚያ መድፉ። ሃርተንስታይን በ105 ሚሊ ሜትሩ መድፍ የማጣሪያውን ታንከሮች ሊደበድብ አዘዘ። በባሕር ጉዞ ጊዜ ውኃ እንዳይገባ አፈሙዙ በውታፍ ይደፈናል። በጨለማና በጥድፊያ ውታፉን የነቀለ የለም። የመጀመሪያው ጥይት አፈሙዙን ሰነጠቀው፤ አንድ ተኳሽ ሞተ፣ የመድፉ መኮንን እግሩን አጣና በኋላ ለሕክምና ማርቲኒክ ደሴት ላይ ወረደ። በትንሹ 37 ሚሊ ሜትር መሣሪያ ቢተኩሱም ማጣሪያው ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሱም። የሰርጓጁ ሠራተኞች ግን ተስፋ አልቆረጡም፦ የተሰነጠቀውን ጫፍ በብረት መጋዝ፣ ጋራዥ ውስጥ ሴጌቶ በምንለው፣ ቆርጠው ጣሉትና ባጠረው መድፍ በዚያው ጉዞ መርከብ መቱበት። የኔ መድፍ የስቲኪኒ ቁራጭ ነው። በ1 ለ700 ሚዛን ሰርጓጁ 11 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የመድፉ በርሜል 7 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ጫፉን በምላጭ ስቆርጥ ሁለቴ ወለል ላይ ጠፍቶብኛል።

በዚያው ሌሊት ኦራንየስታድ ከተማ አጠገብ ያለው ወደብ ላይ የቆመችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ አርካንሳስም ተመታች። አንድ ቶርፔዶ ስቶ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ወጣ። በማግሥቱ ሊያከሽፉት የሞከሩ አራት የሆላንድ ባሕር ወታደሮች ፈንድቶ ገደላቸው። ይህችን ጥግ ሞዴሉ ላይ ባዶ አሸዋ አድርጌ ተውኳት።

ዩ-156 ብቻውን አልነበረም። ዩ-502 በዚያው ቀን ሦስት የሐይቅ መርከቦች አሰጠመ፤ ቲያ ሁዋና፣ ሞናጋስ፣ ሳን ኒኮላስ። ዩ-67 ኩራሳዎ ላይ ነበር። የጀርመን አዛዦች ራሳቸው ተከራክረውበታል፦ የባሕር ኃይሉ አዛዥ ሬደር ማጣሪያዎቹ ይደብደቡ ይላል፣ የሰርጓጆቹ አዛዥ ዶኒትዝ መርከቡን ምቱ ይላል። እኔ ለዶኒትዝ እፈርዳለሁ። የማጣሪያ ታንከር ቢበሳ ይጠገናል፣ ጠፍጣፋ ሆድ ያላት የሐይቅ መርከብ ግን ከየትም አትመጣም፤ ሠራተኞቿም እንደዚያው። ኩራሳዎ ላይ ቻይናውያን መርከበኞች በዚህ ሁኔታ አንወጣም ብለው ሥራ አቆሙ፤ ኤፕሪል 20 ቀን 15ቱ በፖሊስ ጥይት ሞቱ። የመድፉን ቀልድ የሚያወራ ብዙ ነው፣ ይህን የሚያወራ ግን ጥቂት ነው የገጠመኝ።

የቀረኝ ፔደርናሌስ ናት። እሷ አልሰጠመችም። መሐሏ ተበልቶ ስለነበር ቆርጠው አወጡት፣ ፊትና ኋላዋን ገጠሙ፣ እንዲያ አጥራ አሜሪካ ባልቲሞር ድረስ ሄዳ አዲስ መሐል ተሠራላት። እኔም ትናንት ማታ ካርቶኗን በከተር ሦስት ቦታ ከፈልኳትና ሁለቱን ጫፎች አጣበቅኩ። ትንሽ ጠማማ ሆናለች። መሐሏ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ነው፤ የእውነተኛው መሐል አሁንም አሩባ ባሕር ሥር ስላለና ጠላቂዎች ስለሚያዩት እኔም ከውኃው ቀለም በታች ልቀብረው ነው። ግልጽ ሙጫ በወፍራሙ ስታፈሱ አረፋ እንዳይዝ የምታደርጉት ነገር ካለ ንገሩኝ፤ ሁለት ጊዜ አበላሽቻለሁ።