ፓስወርዱን ትተን ወደ ሰርተፊኬት የዞርንበት መንገድ

ኮምቦልቻ ያለው መጋዘናችን የዕቃ ገቢና ወጪውን ማታ ማታ ወደ ሼርፖይንት (የማይክሮሶፍት የሰነድ ማከማቻ) የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም አለው። ፕሮግራሙ ማን መግባት እንደሚችል የሚቆጣጠረው ማይክሮሶፍት ኢንትራ ላይ ተመዝግቧል፤ የሚገባው ግን በክላየንት ሲክሬት ነበር። ያው ረጅም ፓስወርድ ማለት ነው። በቴሌግራም ተልኮ፣ ኖትፓድ ላይ ተለጥፎ፣ ስንት ሰው እጅ እንደገባ የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። በሰርተፊኬት፣ ማለትም ጥንድ ቁልፍ (ኪይ) ባለው ዲጂታል መታወቂያ፣ ልቀይረው ተነሳሁ።

ሰርተፊኬቱን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ኦፕን ኤስኤስኤል በሚባል ፕሮግራም ሠራሁት፤ ቁልፉ 2048 ቢት አርኤስኤ፣ ዕድሜው 365 ቀን። ፖርታሉ (የኢንትራ ድረ ገጽ) ላይ የሚጫነው ፐብሊክ ኪዩን፣ ማለትም ሰው ቢያየው የማይጎዳውን ቁልፍ፣ የያዘው ፋይል ብቻ ነው። ሚስጥሩ ቁልፍ፣ ፕራይቬት ኪዩ፣ ከሰርቨሩ ንቅንቅ አይልም። ፕሮግራሙ ቶክን (ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ) ሲፈልግ አጭር ጽሑፍ በፕራይቬት ኪዩ ፈርሞ ይልካል፣ ማይክሮሶፍትም ፊርማውን አመሳክሮ ቶክኑን ይሰጠዋል። ሚስጥሩ ራሱ በመስመር አያልፍም። እኔ የወደድኩት ይሄንን ነው።

ስንሞክረው 700024 የሚል ስህተት መጣ፤ የተፈረመው ጽሑፍ ከተፈቀደለት ሰዓት ውጪ ነው ይላል። ኪዩን አየሁ፣ ተምብፕሪንቱን (የሰርተፊኬቱን መለያ አሻራ) አመሳከርኩ፣ ሁሉም ልክ ነው። ከዚያ ዓይኔ የስክሪኑ ጥግ ላይ አረፈ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፣ ሰርቨሩም 4:00 ይላል! መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ስለሚዛባ አንድ ሰው የእጅ ሰዓቱን እያየ በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል፣ መሆን የነበረበት ግን 10:00 ነው። ፊርማው የሚያገለግለው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ 6 ሰዓት ወደኋላ የቀረ ሰርቨር የሚልከው ሁሉ ገና ሳይደርስ ጊዜው ያለፈበት ነው። የማዘርቦርዱን ባትሪ ቀየርን፣ ሰዓቱም ከኢንተርኔት ራሱ እንዲያስተካክል አደረግን። ወዲያው ሠራ።

የድሮውን ሲክሬት ያን ዕለት አጠፋሁት። እሱ እያለ ሰርተፊኬት መጫን ትርፉ ድካም ነው።

የሒሳብ ክፍሏ እትዬ «ልጄ፣ ይሄ ነገርህ በእኛ መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ፖርታሉ የሚያሳየው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው። ወደ እኛ ቀይሬ፣ ከማለቂያው አንድ ወር በፊት ያለውን ቀን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ከበብኩላቸው። ሁለት ሰርተፊኬት አብሮ መጫን ስለሚቻል አዲሱን ጭነን፣ ፕሮግራሙን ወደ እሱ አዙረን፣ አሮጌውን እናነሳለን፤ ሥራ አይቆምም።

ቀጣዩ ደሴ ነው። ለእነሱ የራሳቸው ሰርተፊኬት እዚያው ይሠራላቸዋል እንጂ የኮምቦልቻው ኪይ በፍላሽ ተይዞ የሐረጎን ዳገት አይወጣም።