ሠላሳ ገጽ ማስታወሻ ይዤ የምለው አጣሁ

ለመምህሬ የማቀርበው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ስለተነሳው የኮሌራ ወረርሽኝና ስለ ሐኪሙ ጆን ስኖው ነበር። ርእሱን የመረጥኩት የሚቀለኝ መስሎኝ ነው። ታሪኩ የታወቀ ነው፦ ስኖው የሟቾችን ቤት ካርታ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቶቹ ብሮድ ስትሪት ላይ ባለው የውኃ ፓምፕ ዙሪያ ይከማቻሉ፤ የፓምፑ እጀታ ይነቀላል፤ ወረርሽኙ ይቆማል። ሦስት ሳምንት አነበብኩ፣ ሠላሳ ገጽ ማስታወሻ ያዝኩ፣ ከዚያ ያነበብኩትን በተራ በተራው አሰፈርኩት። አንቀጾቼ ሁሉ «እገሌ እንደሚለው» ብለው ይጀምሩ ነበር።

መምህሬ ረቂቁን ሲመልሱልኝ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ሁለት ቃል ብቻ ጽፈዋል፦ «ታዲያስ ምን?» በጨዋ አማርኛ «ምን ይጠበስ» ማለታቸው ነው። ሁለት ቀን አኮረፍኩ።

ንዴቱ ሲበርድልኝ ማስታወሻዬን እንደገና ሳነብ፣ ገጽ አራት ላይ ስኖው ኮሌራ በውኃ የሚተላለፍ በሽታ ነው የሚለውን ሐሳቡን ገና በ1849 እንዳሳተመ ጽፌያለሁ። ገጽ ሃያ ሁለት ላይ ደግሞ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን እጀታው ሲነቀል ብዙ ሰው ሰፈሩን ጥሎ ስለሸሸ ሞቱ ቀድሞ መቀነስ እንደጀመረ ስኖው ራሱ ማመኑን መዝግቤያለሁ። ሁለቱም «የታወቀውን ታሪክ» ያፈርሳሉ። በእጄ ጽፌያቸው አላየኋቸውም! ማስታወሻውን የያዝኩት በመጽሐፍ በመጽሐፉ ስለነበር ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም።

መቀስ አነሳሁ። ገጾቹን ቆራርጬ፣ በየቁራጩ ጥግ የደራሲውን ስምና የገጹን ቁጥር ጽፌ፣ ወለሉ ላይ በጥያቄ በጥያቄው ደረደርኳቸው፦ ካርታው መቼ ተሠራ? እጀታው ሲነቀል ወረርሽኙ የት ደርሶ ነበር? ስኖውን ያላመኑት ለምን አላመኑትም? አንዱ ቁራጭ የገጽ ቁጥር አልነበረውም፤ እሱን ፍለጋ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሄደ።

ከዚያ በኋላም መከራከሪያው በአንዴ አልመጣም። መጀመሪያ «ስኖው ለሕክምና ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጓል» አልኩ። ይህን የሚክድ ሰው ስለሌለ ለማስረዳት መድከም አያስፈልግም። ቀጥዬ «ካርታው ምንም አልፈየደም» ብዬ ጻፍኩ፤ ይህን ደግሞ ያለኝ ማስረጃ አይሸከመውም። መንገዱን ያሳየኝ ሦስተኛው ክምር ነው። ተጠራጣሪዎቹ በሽታውን የሚያመጣው መጥፎ አየር ነው ባዮች ነበሩ። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ሰፈር የተከማቸ ሞት ለእነሱም ይመቻቸዋል፤ አየሩ እዚያ ከፍቷል ይላሉ፣ አለቀ። የማይመቻቸው ከተራው የወጡት ሰዎች ናቸው። ከዚያ ርቆ ባለው በሀምስቴድ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት የብሮድ ስትሪትን ውኃ ስለምትወድ በጋሪ እያስመጣች ትጠጣ ነበር፤ የሰፈሩን አየር ሳትተነፍስ ሞተች። እዚያው ጎዳና ላይ ያለው የቢራ መጥመቂያ ሠራተኞች ግን አየሩን እየተነፈሱ፣ ቢራቸውን እየጠጡ ተረፉ።

እናም እንዲህ ጻፍኩ፦ «የስኖው ካርታ አስቀድሞ የነበረን ሐሳብ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው፤ ክርክሩን የተሸከሙት ግን ነጥቦቹ ሳይሆኑ ከነጥቦቹ ሥርዓት የወጡት ሰዎች ናቸው።» አሁን «አይደለም» የሚለኝ ሰው ሊኖር ይችላል።

ይህች ዓረፍተ ነገር ከተገኘች በኋላ ሥራው በአብዛኛው መጣል ነበር። በጣም የምወዳቸው ቁጥሮች ነበሩኝ፦ ከተበከለው የቴምዝ ክፍል የሚቀዳ ኩባንያ ውኃ ከሚያቀርብላቸው ከ10,000 ቤቶች 315 ሰው ሲሞት፣ ከወንዙ ላይኛው ክፍል ከሚቀዳው ደግሞ 37። ግሩም ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን የደቡብ ለንደን ጉዳይ ነው፣ ስለ ካርታውም አይናገርም። እያመመኝ አወጣሁት። በአንጻሩ ግርጌ ላይ ጥዬው የነበረውን ቄስ ሄንሪ ዋይትሄድን ወደ መሐል አመጣሁት። ስኖውን ውድቅ ሊያደርግ ተነስቶ፣ ቤት ለቤት ሲጠይቅ ከርሞ የስኖውን ሐሳብ ያመነ ሰው ነው። ያሳመነው ቤት ለቤት የሰበሰበው ቃል እንጂ ካርታ አልነበረም።

አንቀጾቹም ተገለበጡ። «ዋይትሄድ እንደሚለው» ይል የነበረው «ስኖውን ሊያስተባብል የተነሳው ሰው እንኳ የተረታው በነጥብ አይደለም» ብሎ ጀመረ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የእኔ፣ ከሥሩ ያለው የምንጮቹ።

ሁለተኛው ረቂቅ ሲመለስልኝ ኅዳጉ ከላይ እስከ ታች ተሞልቷል። መምህሬ አልተስማሙም፦ «በፓምፑ አቅራቢያ የነበረው የድኾች መጠለያ የራሱ ጉድጓድ ስለነበረው ከ535 ነዋሪዎቹ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው። ይህ ባዶነት ካርታው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ታዲያ ካርታው ከሥርዓቱ የወጡትንም አላሳየም ትላለህ?»

መቀሱን መልሼ አነሳሁ።