ከ2266 በፊት 1675

ዛሬ ምዝገባ ሰልፍ ላይ አንድ የሕግ ተማሪ የኮርስ መመዝገቢያ ስሊፑን አሳየኝ። የውል ሕግ ላይ ኤፍ አለበት፤ እሱ ግን የሽያጭ ውሎችን ለመውሰድ በእርሳስ ጽፏል። አድቫይዘሩ አልፈርምም ስላሉት ደጋግሞ ፍቆ ደጋግሞ ጽፎታል፤ ወረቀቱ እዚያች ቦታ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። «እንዳልዘገይ ብዬ ነው» አለኝ።

ጭንቀቱ ይገባኛል። በብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች አንድ ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው፤ አንድ ኤፍ ዓመት ይበላል። ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉን እንክፈተው። ሽያጭ ከአንቀጽ 2266 ይጀምራል። ሻጩ ገዢውን በተንኮል አስማምቶት ከሆነስ? ውሉ ሳይፈጸም ሲቀር ማስጠንቀቂያ መስጠት ግድ ነው? መልሱ ያለው ወደኋላ፣ ከ1675 ጀምሮ ስለ ውሎች በጠቅላላው በሚናገረው ክፍል ነው፤ የውል ሕግ ኮርስ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። አንቀጽ 1676 ራሱ ጠቅላላ ድንጋጌዎቹ የውሉ ዓይነት ምንም ቢሆን ተፈጻሚ ናቸው ይላል። መሠረቱን ያልያዘ ተማሪ ሽያጭ ክፍል ውስጥ የሚሸመድደው ቁጥር ብቻ ነው።

ፕላን ስታወጡ ከ5ኛው ዓመት ወደኋላ ቁጠሩ። እዚያ ኤክስተርንሺፕ (ከክፍል ውጭ የሚደረግ የተግባር ልምምድ)፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የመውጫ ፈተና ይደራረባሉ፤ የተንጠለጠለ ኤፍ የሚሸከም ትከሻ አይኖርም። መጀመሪያ የወደቀው ኮርስ የሚሰጥበትን ሴሚስተር አረጋግጡ፤ እስኪደርስ ክፍተቱን በውል ሕግ ላይ በማይቆሙ ኮርሶች ሙሉት፦ ወንጀል፣ ሕገ መንግሥት፣ ቤተሰብ። አድቫይዘራችሁንም ሰልፉ ሳይጀመር አግኙ።

ልጁ ላጲሱን እንደገና አወጣ። እኔም አዲስ ስሊፕ እንዲጠይቅ ነገርኩት።